ጅራት ያላት ጠብታ

«ሸሚዙን ያውርዱት እንጂ፣ እማ አየሁሽ። ሰው ይስቅብዎታል።»

ሰይዳ ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነበር። ለአየሁሽ ግን በሹክሹክታ የሚመልስ ጉሮሮ አልተፈጠረላትም። የልጇን ሸሚዝ ሁለት እጅጌውን ዘርግታ በዳሱ ምሰሶ ላይ በጠፍር አሰረችው። ደረቱን የሞተር ዘይት አጥቁሮታል፤ ከብብቱ ሥር ጥይት የገባባት ቀዳዳ አለች። ከሸሚዙ በታች ብረት መፍቻውን አንጠለጠለች።

«ይሳቅ» አለች። «የሰው ልጅ ሲሞት ጠመንጃው ይወጣል፤ በቅሎው ኮርቻዋ ተገልብጦ በለቅሶው መሐል ትዞራለች። የኔ ልጅ በእጁ የያዘው ይኸን ነው። ያልያዘውን ከማን ልዋስለት?»

ሰይዳ ለሐዘን ቤት አብስላ ያመጣችውን የማሽላ ገንፎ፣ አሲዳውን፣ ከነወይካ ወጡ ወደ ጥላው ሳበችው። በሁለት ቀን ውስጥ ለዚያ ቤት የመጣ እዝን እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ከእስላም ጎረቤት።

ዳሱ መቶ ሰው ይይዛል። የተቀመጡበት ግን ሰይዳ፣ ባሏ ነጋዴው ኸሊልና አንዲት ጆሯቸው የማይሰማ ባልቴት ነበሩ። ባልቴቲቱም የመጡት ወሬው ስላልደረሳቸው ነው።

ለሌላው ሁሉ ደርሶታል። ጣሊያን መተማ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ አዛናው በጣሊያኖቹ ሰፈር መኪና ጠጋኝ ሆኖ ካደረ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱ። ሰኞ ማታ በጣሊያኑ ካፒቴን ቀይ መኪና ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጦ በጓንግ ወንዝ መንገድ ሲመለሱ አርበኞች ተኮሱ። ካፒቴኑ ክንዱን ቆሰለ፣ አዛናው ሞተ። ባንዳ ነበር፣ የባንዳ ሞት ሞተ፤ ወሬው ይኸው ነው። ቄሱ ፍትሐቱን በችኮላ አድርሰው ቀበሩት፤ ሰዉም ከመቃብሩ ሳይርቅ ወደየቤቱ ተበተነ።

አየሁሽ አላለቀሰችም። ሙሾ አውርዳ የሚቀበላት ከሌለ ለምሰሶ ማልቀስ አትችልበትም። «ሰው ሲመጣ አለቅሳለሁ» ብላ ዐይኗን አድርቃ ተቀመጠች።

ፀሐይ ጠንከር ሲል አሰበች እንስራ አዝላ በአጥሩ ሥር መጣች። ባሏ ፈረደ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ በቋራ ጫካ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሐዘንተኛ ቤት ደጃፍ ቆማ ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም።

«ለዚህም ዳስ ተጣለ?» አለች።

«ለፀሐይ ነው» አለች አየሁሽ። «ላንቺም ይበቃል። ግቢና ተቀመጪ።»

«አንቱን አከብራለሁ፣ እማ አየሁሽ። ከባንዳ ዳስ ግን አልቀመጥም። ራስዎስ ምን ይሉት ነበር? የፈረንጅ ቂጥ ጠራጊ ሲሉት ስንት ቀን አጥሬ ድረስ ሰምቻለሁ።»

«እኔ እለዋለሁ። አምጬዋለሁ። አንቺ በየት በኩል አማጥሽው?»

አሰበች እንስራዋን አስተካክላ ሄደች። አየሁሽ ጀርባዋን እስኪጠፋ ተመለከተችው። ነገሩ የከነከናት አሰበች ስለዋሸች አልነበረም። እውነቷን ነው፤ አየሁሽ ብላዋለች። ሰኞ ጠዋት ሲወጣም ያንኑ ብላው ነበር። የመጨረሻው ቃል እሱ ሆነ።

* * *

አየሁሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘይት ግን ታነባለች። ከባሏ ሞት ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረችው በአሳራዋ ነው፤ አሳራ የሚሉት ግመል እየዞረ ሰሊጥ የሚጨምቅበት ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ነው። የቆላ ፀሐይ እንጨት ይሰነጥቃል፤ ሙቀጫው ያፈሳል። የማያውቅ ሰው ዘይቱ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ጭቃ ይመርጋል፤ በማግስቱም ያው ይንጠባጠባል። ዘይት በሾለከበት ቦታ አይጥልም። በእንጨቱ ገላ ተለጥፎ ይወርድና ራቅ ብሎ ነው የሚጥለው። አየሁሽ ሙቀጫውን በጨርቅ እጥብ አድርጋ ታብሰዋለች፣ የተነፋ አመድ ትነሰንስበታለች፣ ግመሉን ሁለት ዙር ታስነዳለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ታያለች። አመዱ ከሁሉ አስቀድሞ የረጠበበት፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቦታ፣ ቀዳዳው እሱ ነው።

አዛናው ይህን ዕውቀት ወደ ብረት ወሰደው። የኸሊል የጭነት መኪና ከገዳሪፍ በመጣች ቁጥር ዘይት ታፈስ ነበር፤ ሾፌሩ ሦስት ቀን ከሥሯ ተኝቶ አቃተው። አዛናው ከእናቱ ምድጃ አንድ ቅል አመድ ይዞ ሄደ። ሾፌሩ ሳቀበት፤ ከቀትር በኋላ ግን ሳቁን ትቶ ብሎኑን ያጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ የአዛናው እጅ ከሞተር አልወጣም።

እራት ላይ ወሬው ሁሉ ጭስ ነበር።

«እማዬ፣ ጥቁር የምታጨስ መኪና ቤንዚን የበዛባት ናት። ነጭ እያጨሰች ካልተወች ውኃ ገብቶባታል። ሰማያዊ ከሆነ የራሷን ዘይት እየበላች ነው።»

«ሰማያዊውን አትንገረኝ። የሰሊጥ ዘይት ፍም ላይ ሲንጠባጠብ እንዲያ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን መቼ እንደምታጨስም ማየት አለ። አቀበት ስትወጣ ሳታቋርጥ ካጨሰች ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች አልቀዋል። አድራ ስትነሳ፣ ወይ ቁልቁለት ወርዳ ነዳጅ ሲረግጡላት ቡፍ ብላ ከተወች ደግሞ፣ ቫልቮቹ የሚመላለሱበት ማደሪያ ሰፍቷል ማለት ነው።»

«እንደ ሐኪም አወራህ እኮ። ብላ፣ ቀዘቀዘ።»

ከዚያ ካፒቴኑ መጣ፤ ቀይ መኪናውም መጣች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፤ በአገሩ እንደ ፈረስ ስትሽቀዳደም የኖረች ናት አሉ። ካፒቴኑ ከመሬት አቧራ ይልቅ የሷን አቧራ ይጠላ ነበር፤ በመሐረሙ ይጠርጋታል። ጠጋኟ አዛናው ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ አከማት፤ ስምንት ወር ሙሉ አጨሰች፣ ስምንት ወር ሙሉ በየመንገዱ ተንጠባጠበች።

አየሁሽን ያሳፈራት የጣሊያን ሎሌ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ይኸኛውም ያሳፍራት ነበር።

«አንተ ያልደፈንከው ቀዳዳ የለም» ትለዋለች። «ይቺን ቀይ ጉድ እንዴት አቃተህ?»

«አርጅታለች፣ እማዬ።»

«እኔም አርጅቻለሁ። መቼ አፈሰስኩ?»

ይስቅና ዝም ይላል። ስታስበው፣ በዚያ ዓመት ዝምታው ከወሬው ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ አብረው ሲመለሱ፣ እሷ እንደልማዷ የመንገዱን መሐል ይዛ፣ ረጅም ቀሚሷ አቧራውን እየጠረገ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ቆሞ ቀረ።

«እማዬ፣ ቀሚስሽን ከፍ አድርጊው። መንገዱን እኮ ጠረግሽው።»

«የጣሊያን መንገድ ቢጠረግ ምን ይጎዳሃል?»

የተጠረገውን መንገድ ዞሮ አየ፤ ከንፈሩን ነከሰ። በእናቱ አፈረ መሰላት። ሁለት ቀን አኮረፈችው።

* * *

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ራሷ ለቅሶ መጣች።

መጀመሪያ ድምጿ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ በአጥሩ ላይ ታየ። ካፒቴኑ ክንዱን በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረደ፤ በስተኋላ በጭነት መኪና የተከተሉ ሁለት ወታደሮችና ቋንቋ አስተርጓሚው፣ ቱርጁማኑ አለነ፣ ነበሩ። ኸሊል ከተቀመጠበት ተነሳ። ባልቴቲቱም ሰው መጣ ብለው ደስ አላቸው። እንስራዋን አዝላ ከውኃ ትመለስ የነበረችው አሰበች ከአጥሩ ጥግ ቆመች።

«ተነሺ» አለ አለነ። «ካፒቴኑ ይጠይቁሻል።»

«ሐዘን ላይ ነኝ። ሐዘንተኛ ለመጣ ሰው አይነሳም። የመጣው ይቀመጥ።»

ካፒቴኑ አልተቀመጠም። ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ አለነ መሬት መሬት እያየ መለሰው።

«መኪናይቱ ሰፈር ስትቆም አንዲት ጠብታ አትጥልም ይላሉ። መንገድ ስትወጣ ብቻ ነው የምትንጠባጠበው። ሰኞ ጠዋት ድምጿን በጆሮው፣ ጭሷን በዐይኑ እንዲከታተል ልጅሽን ይዘውት ወጡ። ጓንግ ሳይደርሱ ጠብታውን አይተው አቆሙና ድፈናት አሉት። ሞተሩን ከፍቶ ነካካና 'ደፍኛታለሁ' አለ። በማግስቱ ወታደሮች መንገዱን ሲያዩት ከዚያም ወዲያ ተንጠባጥባለች። ማታ በዚያው መንገድ ሲመለሱ ተተኮሰባቸው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ልጅሽ አውቆ ትቷት ከሆነ አስከሬኑ ተቆፍሮ ወጥቶ ገበያው ላይ ይሰቀላል። ቤቱና አሳራውም ይቃጠላል። ሳያውቅ ከሆነ ይተኛ።» አለነ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አመድ የምትነሰንሺው አንቺ ነሽ፣ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ አሉ። ፈልጊ። ካገኘሽው አሳዪ።»

አየሁሽ ምሰሶዋን ይዛ ተነሳች። መልሱን እሷም አታውቀውም ነበር። የምታውቀው ልጇ በመሬት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ እንደተኛ፣ ዳግመኛ ከዚያ ካወጡት እንደማትቀብረው ነው።

«ጭሱ መቼ ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ጠይቀዋ። ለመጠየቅ አይደል የምታድረው። አቀበት ላይ ነው ወይስ ስትነሳ?»

አለነ ጠየቀ። ካፒቴኑ ባልቆሰለው እጁ እያሳየ መለሰ፤ ሴትየዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት።

«ጠዋት ስትነሳ። ደግሞ ቁልቁለት ጨርሳ ነዳጅ ሲረግጡ። አቀበት ላይ ደህና ናት።»

«ሰይዳ፣ አመድ አምጪልኝ። የተነፋውን።»

የሞተሩ ክዳን ተከፈተ። ሆዷ ሁሉ በአሮጌ ዘይት ጠቁሯል። አየሁሽ ከላይ ጀምራ በጨርቅ አበሰችው፤ ሳትቸኩል፣ ሕፃን እንደምታጥብ። አመዱን በመዳፏ ይዛ እፍ እፍ እያለች ነሰነሰችው። የቀይዋ መኪና ሆድ እንደ ምድጃ ሸበተ።

«አስነሱት።»

ሞተሩ ሲነሳ ከኋላው ማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫው፣ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣና ተወ። ጭሱ አልዋሸም፤ አዛናው እንዳለው አርጅታለች። አየሁሽ ዐይኗን ወደ አመዱ መለሰች። ጠብታው የሚወርደው ከሞተሩ ኋላ ከታች ነው፤ እዚያ ያለው አመድ ግን ገና ደረቅ ነበር። አንገቷን አስገባች። ጭሱ ከሞተሩ ከሚወጣበት ቱቦ ጀርባ፣ ሰው በማያይበት ከፍታ ላይ አንዲት ቀጭን የመዳብ ቱቦ በብሎን ትታሰራለች። አመዱ የረጠበው እዚያ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ይገፋል፤ ሲቆም ይቆማል።

ትንሿን ጣቷን ሰደደች። ከብሎኑ ሥር መኖር የነበረበት የመዳብ ቀለበት የለም። በቦታው ቆዳ አለ።

በግራር ልጥ የቀላ ጠፍር። የአሳራዋ ግመል የሚጠመድበት፣ ሸሚዙን ከምሰሶው ያሰረችበት፣ የገዛ ጠፍሯ። በአንድ ጎኑ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁራጭ በቢላዋ ተነሥቶለታል። ቆዳው አዲስ ነው። አዛናው በየወሩ ከጠፍሯ ጥቂት ይቆርጥ ነበር፤ «ለጫማዬ ማሰሪያ» ይላታል። ሬሳውን ሲያመጡላት ግን ጫማው በሽቦ ነበር የታሰረው።

የኔ ልጅ ያልደፈነው ቀዳዳ የለም። ይቺን ቀዳዳ የሠራት እሱ ነው።

የመኪናውን ብረት ጨበጠች፤ ፈጃት፣ አልለቀቀችውም። ቀሚስሽን ከፍ አድርጊው። መንገዱን ጠረግሽው። በእናቱ አላፈረም። በመንገዱ ላይ በጠብታ የሚጽፈውን ጽሑፍ ነበር የጠረገችበት።

በእጅጌዋ ርጥበቱን ጥርግ አድርጋ ጭብጥ አመድ መረገችበት። ቀና ስትል በሞተሩ ማዶ አለነ አጎንብሷል። እሱም ያየው ያንኑ ቦታ ነው። ዐይን ለዐይን ተያዩ።

«ምን አገኘሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«እርጅና» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ቫልቮቹ የሚመላለሱበት ማደሪያ ሰፍቷል። ሲያድር ዘይቱ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ሲነሳ ይቃጠላል፤ ጭሱ እሱ ነው። ከኋላ ያለው ብረትም ላልቷል፤ ጠብታው እሱ ነው። ልጄ ደፈነ፤ ያረጀ ነገር በዚህ ሲደፍኑት በዚያ ይወጣል። ከአገሩ አዲስ ብረት ያስመጣ። እስከዚያው ዘይት እየጨመረ ይንዳ። ይኸን ንገረው። ደግሞም ልጄን ጎኑ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ጥይቱ የተላከው ለሱ ነበር። ይኸንንም ንገረው።»

አለነ አመድ የተመረገበትን ቦታ አየ፤ በምሰሶው ላይ የተዘረጋውን ሸሚዝ አየ። ሰይዳ ወንፊቷን በደረቷ አቀፈች። አንድ ቃል ነው የሚበቃው፤ አየሁሽ ያንን ቃል ከአፉ ትጠብቅ ነበር።

ወደ ካፒቴኑ ዞረና ተናገረ። ረዘመ። ካፒቴኑ የመኪናዋን ግንባር እንደ ታመመ ፈረስ ዳሰሳት።

«'እኔም ያረጀች መስሎኝ ነበር' ይላሉ» አለ አለነ። «አስከሬኑ አይነካም።» ክዳኑን በሁለት እጁ ዘጋው፤ ከዚያ ለራሱ የሚያወራ መስሎ «እጅዎን ይጥረጉ፣ እናቴ» አላት። ከመጣ ጀምሮ አንቱ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

* * *

መኪናዎቹ እንደሄዱ አየሁሽ ከአጥሩ ጥግ ያለችውን አሰበችን በክንዷ ይዛ ወደ መንገዱ አወጣቻት።

«እንስራዬ...»

«እንስራሽ ይቆይ። ይቺን አይተሻት ታውቂያለሽ?»

አቧራው ላይ ጥቁር ጠብታ አለ፤ ራሱ ክብ፣ ጫፉ ቀጭን። ቀጭኑ ጫፍ መኪናዋ ወደ ሄደችበት ያመለክታል። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል አልፎ ሌላ አለ።

አሰበች ግራ ቀኝ አየች።

«ፈረደ ነግሮኛል» አለች በመጨረሻ። «ጅራቷን አይተው መውጣቷን መግባቷን ያውቃሉ። ሰኞም ጅራቱ በጓንግ መንገድ ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ ነበር፤ የመመለሻውን አላዩም። ስለዚህ ጠበቁ። ያረጀች መኪና አምላክ ሰጠን ይላል።»

«አምላክ የኔን ጠፍር አልቆረጠም» አለች አየሁሽ። ያየችውን ነገረቻት፤ ቆዳውን፣ ቁራጩን፣ ጫማውን። ሰኞ ጠዋት ካፒቴኑ ድፈናት ሲለው ነካክቶ እንደተዋት፣ ማታ በዚያው መንገድ እንደሚመለስ እያወቀ።

አሰበች መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለች። «በጠብታዋ የሰው እጅ እንዳለበት አላወቁም። ማንም አልነገራቸውም።»

«ለማን ይንገር? ለኔ እንኳ አልነገረኝም። ምላሴን ያውቃታል።»

ከአሳራው የግመሉ ደወል ተሰማ።

«ለፈረደ ምን ልበለው፣ እማ አየሁሽ? ምን ብዬ ልላክበት?»

«ጠብታዋ እንዳለች ናት በይው። አልደፈንኳትም። የተኮሰው የማን እጅ እንደሆነ እንዳይነግረኝ፤ ማወቅ አልፈልግም። ግን ያ እጅ ሥራውን እንዳያቆም። ልጄ የሞተው ሥራው እንዲቆም አይደለም።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳሱ ሥር አንድ ድስት እዝን ተገኘ፤ ማን እንዳመጣው የተናገረ የለም። በአምስተኛው ቀን አራት ድስት ሆነ። በስድስተኛው አሰበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከአየሁሽ ጎን ተቀመጠች፤ የጠየቃት የለም፣ እሷም ያስረዳችው የለም። ሴቶቹ ግን አሰበች የተቀመጠችበትን አይተው ተቀመጡ። የሸሚዙ ጥላ ሥር ቦታ ጠፋ፤ ባልቴቲቱ «ዛሬ ምነው ጠበበን?» ብለው ተቆጡ። አየሁሽ ሙሾዋን አወረደች፤ አሰበች ተቀበለች። ስድስት ቀን የደረቀው ዐይን እስኪመሽ አላቆመም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከመቃብሩ ጸሎት ሲመለሱ ሴቶቹ ሠላሳ ያህል ነበሩ። አየሁሽ ከፊት ናት፤ እንደልማዷ የመንገዱን መሐል ይዛ፣ መፍቻውን እንደ በትር ጨብጣ፣ ቀሚሷ አቧራውን እየጠረገ። ከፊት ለፊት የጣሊያን የጭነት መኪና መጣ፤ ሾፌሩ ጮኸባት። አልዞረችለትም። መኪናው ዳር ይዞ አለፈ።

ጥቂት እንደሄደች ቆመች።

ቀዪቱ በጠዋት ወጥታለች። ጠብታዋ በመንገዱ መሐል፣ ገና ርጥብ፣ ጅራቷን ወደ ጓንግ አድርጋ ተኝታለች። ሌላዋ ከወዲያ፣ ሌላዋ ደግሞ ከዚያ ወዲያ።

አየሁሽ መፍቻውን ለአሰበች ሰጠቻት። ቀሚሷን በሁለት እጇ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰበሰበችና ጠብታዋን ሳትነካ ተሻገረቻት። ከዚያም አልለቀቀችውም፤ ቤቷ እስክትደርስ ቀሚሷን እንደሰበሰበች፣ የመንገዱን ዳር ዳር ሄደች።